እድፍና ጥበብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቁሳቁስ ጠባይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት የእናቴን የሐበሻ ቀሚስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ቀይ ወጥ ፈሰሰበት። መሐንዲስ ነኝና ነገሩ ቀላል መሰለኝ፤ ውኃ ሳልጨምርበት በረኪና አፈሰስሁበት። እድፉ ለቀቀ፤ የጥበቡ ቀለም ግን አብሮ ገረጣ፤ ፈትሉም በሚቀጥለው እጥበት ሳስቶ ተቀደደ። እናቴ አገላብጣ አየችውና፣ «ልጄ፣ እድፉስ ወጥቶልህ ነበር፤ ቀሚሴም አብሮት ወጣ እንጂ» አለችኝ።

በረኪና እድፍን ከጥበብ አይለይም፤ የሁለቱንም ቀለም ያፈርሳል። ሲበዛና ሲቆይም የጥጡን ሴሉሎስ ይበጣጥሳል። የበርበሬ ቀለም ደግሞ የሚሟሟው በውኃ ሳይሆን በቅባት ነው። ስለዚህ ወጡን ሳያሹ በማንኪያ ማንሣት፣ ቅባቱን እንዲመጥ ዱቄት ነስንሶ ማራገፍ፣ ከዚያም ፈሳሽ ሳሙና ቀብቶ ጥቂት ካቆዩ በኋላ ከጀርባው በኩል ለብ ባለ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል። የቀረውን ቀለም ፀሐይ ታደክመዋለች፤ ጥበቡ ግን እንዳይገረጣ በጨርቅ ይሸፈን።

የአልጫ እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ መፈተግ የለበትም፤ መቅላቱ ከሳሙናው አልካሊነት የመጣ ነውና። በሚገባ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ እርሱም ለፀሐይ ይሸነፋል። ደም የነካው ልብስ ግን ሙቅ ውኃ አይንካው፤ ሙቀት ደሙን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋልና በቀዝቃዛ ይታጠብ።

ከሁሉ አስቀድሞ የጥበቡን ክር በውስጥ በኩል በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ መፈተን ያሻል። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም፤ የተነካው ስፍራ ብቻ በጥንቃቄ ይጽዳ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን ታስታውሳላችሁ። ቢልሃርዝያን ለመከላከል ያደረጉት ታላቅ ምርምር የተጀመረው ልብስ አጣቢዎችን ልብ ብሎ ከማየት ነው። እኔ ግን በዕድሜዋ ሙሉ ፈትል ስታጥብ የኖረችውን እናቴን እንኳ ሳልጠይቅ በረኪናውን አነሣሁ።

ቀሚሱ ዛሬም ተጣጥፎ በሣጥኗ ውስጥ አለ፤ አልለበሰችውም፤ አልጣለችውምም። በየሥራችን ወደ መፍትሔው ከመቸኮላችን በፊት እድፉ ምን እንደ ሆነ፣ ልብሱም ከምን እንደ ተሠራ የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ።