በጉም ውስጥ የሚሰማ ጥሩምባ



የባሕር በር በሌላት አገር ስለ መርከብ ጥሩምባ ዲስኩር ማሰማቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁንና ከቢሾፍቱ፣ ከባቦጋያ ሐይቅ ዳር ሠልጥነው ዛሬ በየውቅያኖሱ የሚሠሩ ልጆች አሉን፤ ነገሩ እነርሱን በቀጥታ ይመለከታል።

ከአንድ ሌሊት ልጀምር። ግንቦት 21 ቀን 1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1914) «ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ» የተባለችው መርከብ 1,477 ሰው ይዛ በካናዳ የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ወደ ሊቨርፑል ትጓዝ ነበር። ከወዲያ «ስቶርስታድ» የተባለች የኖርዌይ የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ትመጣለች። ሁለቱ ከሩቅ መብራታቸውን ተያይተዋል። ከዚያ ጉም መሀላቸው ገባ። የኤምፕረስ ካፒቴን ሄንሪ ኬንዳል ሞተሩን ወደ ኋላ አስዞሩና ሦስት አጫጭር ድምፅ አስነፉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ ሁለት ረጃጅም፣ «ቆሜአለሁ» ለማለት። ከጉሙ ውስጥም የሌላዋ ጥሩምባ ተሰማ። እንዲህ አንዱ የሌላውን ጥሩምባ እየሰማ፣ ለሌሊቱ 8 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ስቶርስታድ የኤምፕረስን ቀኝ ጎን ወጋቻት። ኤምፕረስ በ14 ደቂቃ ሰጠመች፤ 1,012 ሰው አለቀ።

ልብ በሉልኝ፤ ጥሩምባው ተነፍቷል፣ ተሰምቷልም። በካናዳ በሎርድ መርሲ ሰብሳቢነት የተቀመጠው አጣሪ ጉባኤ ጥፋቱን በስቶርስታድ ላይ ያደረገው በጉም ውስጥ አቅጣጫ ቀይራለች ብሎ ነው። ኖርዌጂያኖቹ ግን በበኩላቸው መርምረው ጥፋተኛዋ ኤምፕረስ ናት አሉ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ጥሩምባ መኖርህንና ሁኔታህን ይነግራል፣ የት እንዳለህና ወዴት እንደምትዞር ግን አይነግርም።

ይህን አንድ ደገኛ ለመረዳት አይቸግረውም። በክረምት ጉም የሚጣራ እረኛ ድምፁ ይሰማል፤ ከየትኛው ሸንተረር እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ድምፁ የሚደርስበት ርቀትም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንደል እ.ኤ.አ. በ1873 በእንግሊዝ ሳውዝ ፎርላንድ ጥሩምባና መድፍ እያስጮኸ ሲሞክር፣ ጉም ራሱ ድምፅን እንደማያፍን ደረሰበት። እንዲያውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ድምፁ ቅርብ ቦታ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። በዓይን የማይታየው የአየር መደራረብ ድምፁን እንደሚመልሰው ገመተ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ታዲያ የጥሩምባውን ቋንቋ አሳጥሮ ቆረጠው። በሞተር የሚሄድ መርከብ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል፤ ረጅም ማለት ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ነው። ሞተሩን አቁሞ ውኃው ላይ ከቆመ ሁለት ረጅም። ዓሣ አስጋሪ፣ በሸራ የሚሄድ፣ ጎታች፣ መሪው የተበላሸበት፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር፤ «እኔ እንደ ልቤ አልታጠፍም፣ አንተ ተጠንቀቅ» እንደ ማለት። መልሕቅ የጣለ መርከብ በየደቂቃው ለ5 ሰከንድ ያህል ደወል ያንቀጫቅጫል። 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፊት ደወል፣ ከኋላ ጎንግ ይመታል፤ ሰሚው መርከቡ ረጅም መሆኑን ከሁለቱ ድምፆች ያውቃል። የጥሩምባው ድምፅም እንደ አካሉ ነው፤ የትልቁ መርከብ እንደ በገና ይወፍራል፣ የትንሹ እንደ ዋሽንት ይቀጥናል።

የኬንዳል ሦስት አጭር ድምፅ ግን በዛሬው ደንብ መሠረት መርከቦች ሲተያዩ ብቻ የሚነገር ነው። በጉም ውስጥ ከፊት ለፊቱ ጥሩምባ የሰማና የግጭት አደጋ እንደሌለ ያላረጋገጠ መርከብ የሚጠበቅበት ሌላ ነው፤ መሪው እስኪታዘዝለት ድረስ ብቻ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካስፈለገም ጨርሶ ይቆማል።

ራዳር መጥቶ ይህ ሁሉ ቀረ የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ናንተኬት አጠገብ የተጋጩትን መርከቦች፣ «አንድሪያ ዶሪያ»ንና «ስቶክሆልም»ን ያስታውስ። ሁለቱም በራዳር ተያይተው ነበር፤ 51 ሰው ሞተ።

ዛሬ የመርከብ ማዘዣ ክፍል በመስታወት ተዘግቶ ይሠራል፤ የውጭውን ድምፅ አያስገባም። ስለዚህ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የውጭውን ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያሰማ መሣሪያ እንዲኖረው ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ያስገድዳል። መሣሪያው ከተበላሸ፣ ተረኛው መኮንን በሩን ከፍቶ ብርዱ ውስጥ ቆሞ ያዳምጣል።