ያልጠየቅኋት ልጅ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሕክምና እንዳታወሪ፣ ሰዉ ቀኑን ሙሉ ስለ ሕክምና ሲያወራ ነው የሚውለው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስለ ልብ ወለድ ላወራ ነው የመጣሁት። ቃሌን እስከ መጨረሻው እንደማልጠብቅ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጎንደር ኮሌጅ ስንገባ ሴቶች ዶርም ውስጥ ከአናቶሚ መጽሐፍ የበለጠ እጅ በእጅ የሚዞር አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበር። ሽፋኑ ላይ ጥሩር የለበሰ ጎልማሳ፣ ጥቁር ፈረስ፣ ፀጉሯ በነፋስ የሚበተን ሴት። የሴቶቹ ዶርም ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ወንዶቹ አላየንም እንዳትሉ፣ አንዳንዶቻችሁ ተውሳችሁታል። ታሪኩ ይኼ ነው፦ ንጉሡ ፈረሰኛውን የጠላቱን ልጅ እንዲያገባ ያዘዋል። እሷ አልተጠየቀችም። ትጠላዋለች፤ እሱም ይኮራል። ምዕራፍ ሰባት ላይ ትቆስላለች ወይም ይቆስላል፣ አንዱ ሌላውን ያስታምማል፣ ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ ይዋደዳሉ። በኋላ እንደ ገባኝ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሠርጉ ይቀድማል፣ ፍቅሩ ይከተላል። እኛም መብራት ሲጠፋ በሻማ እያነበብን ለፈረሰኛው አለቀስን። እኔ በተለይ።

እኔ የየጁ ልጅ ነኝ፤ ወልድያ ተወልጄ፣ ክረምቱን መርሳ አያቴ ቤት ያደግሁ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ሳነብ አዲስ አልሆነብኝም ነበር። የየጁ ሹማምንት ከራስ ዓሊ ትልቁ ጀምሮ እስከ ራስ ዓሊ ትንሹ ድረስ ይህችን አገር በጎንደር ንጉሥ ስም ሲገዙ ጦራቸውን ያህል በጋብቻቸውም ነው የገዙት። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ለሸፍታው ካሣ ኃይሉ የሰጡት ካሣ እንዲበርድ ነበር። ካሣ አልበረደም፤ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ድል ነስቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቴዎድሮስ ተባለ። ተዋበች ግን ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጋር ቆመች። የታሪክ ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ፈጥሮ ቢጽፈው «በዛ» እንለው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሌላ የየጁ ሰው ታሪክ ነው፤ የራስ ጉግሣ ወሌና የንግሥት ዘውዲቱ። ዛሬ ለማውራት የመረጥኩትም እሱን ነው።

ዘውዲቱ በሚያዝያ 1868 ዓ.ም. የተወለደች የምኒልክ ልጅ ናት፤ እናቷ የወሎ ባላባት ልጅ። ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ሲዋጉ ዐፄ ዮሐንስ በሁለቱም ተቆጡ። ወሎን ከምኒልክ ነጥቀው ለልጃቸው ለአርአያ ሥላሴ ሰጡ፣ የምኒልክን ልጅም ለዚያው ለአርአያ አጋቡ። ዓመቱ 1875 ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ስድስት ዓመቷ ነበር። አርአያ ሥላሴ በ1880 ሲሞት ዘውዲቱ የ12 ዓመት ባልቴት ሆነች። በእኔ ሥራ የ12 ዓመት ልጅ የሕፃናት ክፍል ነው የምትተኛው።

ከዚያ በኋላም ብዙ ያልቆዩ ጋብቻዎች አለፉባት። በ1892 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን አጋቧት። ይህም ፖለቲካ ነበር፤ ጣይቱ ዝምድናውን ለማጥበቅ ነው ያሰቡት። ራስ ወሌ የየጁ ገዥ ነበሩ፣ ጉግሣም በትምህርትና በመጻሕፍት ወዳድነት ስሙ የተጠራ መኰንን። እናም እዚህ ላይ ልክ እንደዚያ ዶርማችን መጽሐፍ ሆነ። ተዋደዱ። የጻፉት ሁሉ ትዳራቸው የሰመረ እንደነበር ይናገራሉ።

በ1909 ዓ.ም. መስከረም ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ መኳንንቱ ዘውዲቱን አነገሡ። ዋጋው ደግሞ ባሏ ነበር። የጣይቱ ወገን ወደ ቤተ መንግሥት እንዳይመለስ ተብሎ ጉግሣ ተለይቷት በጌምድርን ሊገዛ ተላከ። ስድስት ዓመቷ ሳለ ማንም ሳይጠይቃት የዳሯት፣ አርባ ዓመቷ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ፈቷት። ዘውድ ጭናም ያልተጠየቀች ሴት ናት።

ቀሪውን ታውቃላችሁ። ተፈሪ ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ጉግሣ ሸፈተ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ወሎና በጌምድር በሚዋሰኑበት ደጋ፣ አንቺም ላይ፣ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር ገጠመው። መጀመሪያ ከሰማይ ወረቀት ተበተነበት፤ የጳጳሱ የውግዘት ቃል ነው። ቀጥሎ ቦምብ። በፈረስ የመጣ ሰው በአውሮፕላን ተሸነፈ፤ እዚያው ወደቀ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈች።

በወልድያና በወረታ መካከል ያለውን የቻይና መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋሸናን አልፎ በዚያ ደጋ ነው ወደ ደብረ ታቦር የሚሻገረው። ተማሪ እያለሁ በዚያ በኩል ሳልፍ መስኮቱ ላይ ተደግፌ «ባሏ ሞተ ቢሏት ልቧ ተሰብሮ ሞተች» እያልኩ አለቅስ ነበር። አሁን ሐኪም ነኝና ቻርቷን ላንብብ። ዕድሜ 53። የቆየ የስኳር በሽታ። በላዩ ላይ ትኩሳት፣ ፓራታይፎይድ ነው የተባለ። ሕክምናው ቀዝቃዛ ጸበል ውስጥ መነከር። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ የጉግሣ ጦር ከመዋጋቱ ከስምንት ዓመት በፊት ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው በኢንፌክሽን ሲያዝ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም፤ እዚሁ ዎርድ ነው የተማርነው። የባሏን ሞት መስማት አለመስማቷ ራሱ የሚያከራክር ነው። እርግጥ በድንገተኛ ሐዘን ልብ የሚደክምበት በሽታ አለ፤ ጃፓኖች ታኮትሱቦ የሚሉት፣ ይበልጡን ያረጡ ሴቶችን የሚይዝ። ፈተና ላይ ቢመጣ ግን እኔ አልመርጠውም። ስኳሩንና ኢንፌክሽኑን ነው የምከበው። መርዝ ነው ለሚሉትም እንዲሁ።

ልብ ወለዱ ልብ ሰብሮ ይገድላታል፤ ቻርቱ በሌላ ይገድላታል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ልዩነት ብቻ አይደለም። ስለ ጉግሣ ፍቅር ስናወራ ያችን የስድስት ዓመት ልጅ እንረሳታለን። የፈረሰኛ መጽሐፎቹም እንዲሁ ናቸው። የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሕግ «የሁለቱ ፈቃድ ያስፈልጋል» ይላል፣ የሴቷን ዕድሜ ግን 12 ላይ ያቆመዋል። ማርጋሬት ቦፎርት የምትባል የእንግሊዝ ባላባት ልጅ በ12 ዓመቷ ተዳረች፣ በ13 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1457፣ ወለደች። ልጁ በኋላ ንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ሆነ። እሷ ሁለት ጊዜ ደግማ ብታገባም ሌላ ልጅ አልወለደችም። የጋይኒ መምህሮቼ ለምን እንደሆነ መገመት አያቅታቸውም። አርጅታ የልጅ ልጇን ለስኮትላንድ ንጉሥ ሊድሩ ሲሉ «ገና ናት፣ ቆዩ» ብላ ተቃወመች። ያ መጽሐፍ ስለ እሷ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ ላይ ፈረስ አይኖርም ነበር።

የእኛዎቹ ደራሲዎች በዚህ ነገር የበለጠ ተጠንቅቀዋል ብዬ አምናለሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው ታሪክ ጦርም ንጉሥም ምርኮም አለበት፤ ግን ልጅቱ እንደ ወንድ ለብሳ ራሷ ትሄዳለች፣ ንጉሡ ነው ለእሷ ሲል ሃይማኖቱን የሚለውጠው። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፈረሰኛውን ጭራሽ አስቀሩት። ሰብለ ወንጌልን የሚወድዳት የቆሎ ተማሪ ነው፤ ጋሻና ፈረስ ያለው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ነው፣ በዘር ሚዛን ሲመዝን ዕድሜዋን የሚያስረጅባት እሱ ነው።

አያቴ መርሳ ላይ በ11 ዓመቷ ነው የተዳረችው። አያቴን ያመጧት በበቅሎ ነው፤ ሚዜዎቹ ፈረስ ነበራቸው። ሁለተኛ ዓመት ሆኜ፣ ያ መጽሐፍ ጭንቅላቴን ሞልቶት፣ ቡና እያፈላች ጠየቅኋት። «እማምዬ፣ አባባን ይወዷቸው ነበር?» ረከቦቱን እያስተካከለች ቆየች። «ለመድኋቸው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔ ያን ጊዜ መልሱን አልወደድኩትም፤ ምዕራፍ አሥራ ሁለትን ነበር የጠበቅሁት።

አሁን ወደ ሕክምናው። አዘጋጆች፣ ይቅርታ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ።

ተመርቄ የመጀመሪያ ምደባዬ ሰሜን ወሎ ነበር፤ ተቋሙን አልጠራም። ከአንድ መሥሪያ ቤት «ዕድሜዋ ተመርምሮ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ የያዘች ልጅ ከሐብሩ ቆላ ቀበሌዎች አንዱ መጣች። እንደምታውቁት የክልሉ የቤተሰብ ሕግም፣ የፌዴራሉም፣ 18 ዓመት ይላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ጥሩ ሕግ ነው። ሕጉን ግን የሚያስፈጽመው አንዳንዴ እንደኔ ያለ የደከመው የ24 ዓመት ሐኪም ነው። ወረፋው እስከ በር ደርሷል። አባትየው አጠገቧ ቆሟል። ጥርሷን አየሁ፣ የእጅ አንጓ ራጅ አዘዝኩ። የምናነጻጽርበት የግሩሊክና ፓይል አትላስ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ካደጉ ነጭ፣ ኑሮአቸው የተሟላ ልጆች የተሠራ ነው፤ ስሕተቱም በዓመት እንጂ በወር አይለካም። ይህን አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ፤ እዚህ አዳራሽ ያሉ መምህር ናቸው ያስተማሩኝ። «18 ዓመት ይገመታል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተም መታሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

እሷን አንድም ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ስሟን እንኳ ያነበብኩት ከደብዳቤው ላይ ነው።

ከዓመት ከምናምን በኋላ በቃሬዛ መጣች። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፎታል። ያወቅኋት በፊቷ አይደለም፣ ካርዷን ሲያወጡ ነው። በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሕፃኑ ሕይወት አልነበረውም። ከሳምንት በኋላ ሽንቷ መፍሰስ ጀመረ።

ባሏን ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው እሱ ነበር፤ ትከሻው ተልጧል። ለመድኃኒቱ በሬ ሸጧል። ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ላይ ጋቢውን ለብሶ ይተኛል፣ እኔ ባለፍኩ ቁጥር ይነሳል፤ «ዶክተርዬ፣ ትተርፍልኛለች?» ይላል። አንሶላዋን ራሱ ነው የሚያጥበው። እናቱ «ወደ ቤተሰቧ ትመለስ» ስትል ሰምቻለሁ፤ ዝም ነው ያላት፣ አልሄደም። ልብ ወለዱ የሚለው ፍቅር እዚያ ኮሪደር ላይ ነበር፤ አላጋነንኩም። ፊስቱላውም ነበር። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

አንድ ሌሊት ተቆጥቼ «ሕፃን ልጅ ምን ብለህ አገባህ?» አልኩት። «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ መሆኔን አላወቀም። አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ማታ ለማንም አልነገርኩም።

ባሕር ዳር ወደሚገኘው የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል ላክናት፤ ተጠገነች። ሽንቷን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ልጇን በቀጠሮ፣ በኦፕራሲዮን፣ ደኅና ወልዳለች።

እኔ አሁን የዕድሜ ደብዳቤ ሲመጣ የምሠራው ሌላ ነው። አባትየውን፣ አጎትየውን፣ ሽማግሌውን ውጭ አስቀምጣለሁ፤ «ምርመራ ነው» እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም። በር ዘግቼ ከነርሷ ጋር ሆነን እንጠይቃታለን። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዳንዷ «ማንን ነው የማገባው?» ብላ መልሳ እኔን ትጠይቀኛለች። ራጁን የማነበው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማልችለውን ዕድሜ እችላለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ስፋቱን ነው የምጽፈው፣ ከዚህ እስከዚህ ብዬ። መሥሪያ ቤቶቹ አይወዱልኝም፤ «ዶክተር፣ አንድ ቁጥር ጻፊልን» ይላሉ። የፎረንሲክ ትምህርት የምትሰጡ መምህሮቼ፣ ይህን ጉዳይ ለተማሪዎቻችሁ ከአንድ ስላይድ በላይ ብትሰጡት ደስ ይለኛል። እኔ ስማር አንድ ስላይድ ነበር።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ ከቤቴ ወጥተን ነበር። ስንመለስ መጻሕፍቱ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፣ ግማሾቹ የሉም። ከጥራዞቹ ሥር ግን ያ የፈረሰኛ መጽሐፍ ተገኘ፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ፈረሱና ሴትዮዋ ጠፍተዋል፣ ውስጡ ግን ሙሉ ነው። ተውሼው ሳልመልስ የተመረቅኩበት የእኔ አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የዶርም ቁጥርና የአንድ ልጅ ፊርማ አለ፣ ስሙ ግን አይነበብም። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ባለቤቷ እዚህ ካለሽ፣ ነገ ምሳ ላይ እንገናኝ።