አበባየሆሽ በፒያኖ

እሱ፦ አበባየሆሽ በፒያኖ? ከበሮና ጭብጨባ ከሌለው ምኑን አውዳመት ሆነ!

እሷ፦ ቆይ ስማኝ እንጂ። ዘፈኑ የአውጪና የተቀባይ አይደል? አውጪዋን ለቀኝ እጅህ ስጥ፤ ተቀባዮቹን ለግራ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገህ። እጆችህ እየተጠባበቁ ይመላለሳሉ።

እሱ፦ ኮርዱስ?

እሷ፦ አታብዛው። ከሥር ኮርድ ሲደራረብ የሠርግ ኪቦርድ ይሆንብሃል፤ እኔ አልወድም። መነሻው ድምፅና አምስተኛው ይበቃሉ።

እሱ፦ ታዲያ የራሴ የሚሆነው የቱ ጋ ነው?

እሷ፦ ሁለተኛው ዙር ላይ። ዜማውን ሳትነካ ምቱን ፈታ አድርገው፤ አንዱን ድምፅ አቆየው፣ ሌላውን አርገብግበው። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉትን የፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አድምጥ፤ ጣታቸው በምት አይታሰርም።

እሱ፦ የመስከረም 1 ልጆች ግን «ቶሎ በል!» ይሉኛል።

እሷ፦ ለእነሱማ የፒያኖውን እንጨት በመዳፍህ ምታላቸው!