ሳይንስን በተውሶ ቋንቋ ስለ ማስተማር



ዛሬ የምንነጋገረው ሳይንስን በእንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ውጭ አገር ሄደው ስለሚሠለጥኑ የቻይና መምህራን ነው። ነገሩ የሩቅ ቢመስልም እኛኑ ይነካል። እኛም ፊዚክስንና ኬሚስትሪን የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ አስተማሪውም ተማሪውም የሚነጋገሩት በተውሶ ቋንቋ ነው።

የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆኑትን በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ እንዲሰጡ አሳሰበ። መመሪያ ማውጣት ቀላል ነው፤ አስተማሪው ግን ሳይንስን የተማረውም ያሰበውም በቻይንኛ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ወደ እንግሊዝ አገርና ወደ ሌሎችም አገሮች ለሥልጠና ሄደዋል።

የሚያስቸግራቸው ምንድን ነው? ቻይናዎች የሚቆጥሩት እኛ በግዕዝ አኃዝ ፼ ብለን እንደምንጽፈው በእልፍ ነው፤ መቶ ሺህን «አሥር እልፍ» ይሉታል። እንግዲህ በሰሌዳው ፊት ቆሞ ትልቅ ቁጥር በእንግሊዝኛ የሚያነብ መምህር በልቡ ሌላ ስሌት መሥራት አለበት። ደግሞም የቻይንኛ ግሥ በጊዜ አይለዋወጥም። «ፈሳሹ ተነነ» የሙከራ ውጤት ነው፤ «ፈሳሹ ይተናል» ግን የተፈጥሮ ሕግ ነው። መምህሩ አንዱን በሌላው ቢተካ ተማሪው ይሳሳታል።

ታዲያ ሥልጠናው የአነጋገር ቅላጼን ቢያርም ይበቃልን? አይበቃም እንላለን። ጽሑፉን በጠራ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚወጣ መምህር አላስተማረም። መምህሩ ዋናውን ቃል በሰሌዳ መጻፍን፣ ሥዕል መሣልን፣ ዝግ ማለትን፣ ይልቁንም መጠየቅን ይልመድ። «ገባችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ነው። ሳይገባን ራሳችንን እየነቀነቅን ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳሳለፍን እኛው እናውቃለን። «ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እውነቱን ያገኛል። ሠልጣኞቹም በባልደረቦቻቸው ፊት አጭር ትምህርት እየሰጡ ቢተራረሙ፣ መዝገበ ቃላት ከማጥናት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

የአንደበት ድካም የዕውቀት ድካም አለመሆኑንም አንርሳ። አርቴሚሲኒን ስለ ተባለው የወባ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ጽሑፍ የታተመው በቻይንኛ ነበር። በዚሁ ሥራ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈለች፤ ከአርቴሚሲኒን የተሠራውም መድኃኒት ዛሬ በቆላ ያሉ ወገኖቻችንን ያድናል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በሚንተባተብ መምህር መሳቅ አይገባም። ነገር ግን ተማሪው ሳይገባው እንዲወጣ ማድረግም አይገባም።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ለቻይናዎቹ የታሰበው ሥልጠና ለእናንተም እንዲታሰብ ከእናንተ ጋር እንጠይቃለን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከነገ ጀምሮ ያልገባን ነገር ሲኖር፣ በተሰበረ እንግሊዝኛም ቢሆን፣ እጃችንን እናንሣ።