ሐዲዱን ተከትለን እስከ አዋሽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በታሪክና በጂኦግራፊ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ሄደን የጐበኘነው ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ባቡር የማይመጣበትን አሮጌውን የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ነው። «ለዛገ ብረት ይህን ሁሉ መንገድ!» ብለው የሳቁብን ጓደኞች ነበሩ። እኛም አልተቀየምናቸውም።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ ስላለቀበት፣ የውጭ መንግሥታትም ስለተከራከሩበት ሥራው ብዙ ዘመን ቆሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ቀድሞ ነጋዴው ከባሕር ጠረፍ እስከ መሐል አገር በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይጓዝ ነበር፤ በባቡሩ ሦስት ቀን ሆነለት። ሦስት ቀን የሆነበትም ምክንያት በዚያን ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ነው። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድር ነበር። እንግዲህ አዋሽ ከተማ የሆነችው በመኝታ ነው ብንል ብዙ የምንሳሳት አይመስለንም።

ከአዳማ በማለዳ በአውቶቡስ ተነሥተን፣ ወለንጪቲንና መተሐራን አልፈን፣ ውሃው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ያስቸገረውን የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት እያየን ሄድን። አዋሽ ስንደርስ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። የቲኬቱ መስኮት ተዘግቷል። በአንድ የቆመ ፉርጎ ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተው ነበር፤ እኛን አይተው እንኳ አልተነሡም። ያንን የመሰለ ትልቅ የውሃ ጋን ለምን አስፈለገ ብለን ተከራከርን፤ በኋላ ግን የጥንቱ ባቡር በእንፋሎት ይሄድ እንደ ነበረና በረሃውን ለማቋረጥ ከፍም የማያንስ ውሃ ይፈልግ እንደ ነበረ አስተዋልን።

ከመካከላችን አንዱ ሜትር ይዞ ኖሮ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት ለካ፤ ልክ 1 ሜትር ሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በአሮጌው መንገድ ሊሄድ አይችልም። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ያ ሁሉ የድካም ፍሬ ለፍየሎቹ ቀርቷል ማለት ነው። በአንዳንድ ስፍራም ሐዲዱ ራሱ ተነቅሎ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል።

አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ከቤታቸው አይተውን በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። «ልጆቼ፣ ባቡሩ ሲቆም ይህ ሁሉ ገበያ ነበር፤ ሻዩ፣ እንቁላሉ፣ ብርቱካኑ በመስኮት ይሸጥ ነበር። ሲሄድ ደግሞ ከተማው ይተኛ ነበር» አሉን። አንዱ ልጅ የዛገ ቡሎን ለማስታወሻ ብሎ ከኪሱ ሲከት ባዩ ጊዜ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቡሎን በኪሎ የሚገዛም እንዳንተ ለማስታወሻ ነው የሚለው» አሉት። ልጁ አፍሮ መለሰው።

የሄድንበትን ዋና ጉዳይ እስካሁን አልተናገርንም። ከክበባችን አባሎች አንዲቱ ወንድ አያትዋ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ሲመጡ ነበሩ። ያ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባውን በፍጥነት ሲገባ ከሐዲድ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ሴት አያትዋ ቦታውን አይተውት አያውቁም። እርስዋም ይህን ለሽማግሌው የነገረቻቸው ሌሎቻችን ፎቶግራፍ ስናነሣ፣ ለብቻዋ ቀርባ ነው።

ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም። «አባባ፣ ያኔ እዚህ ነበሩ?» ብትላቸው «ነበርሁ፤ ያን ቀን ሰው ስንሸከም ዋልን» ብቻ አሉ። ከዚያ ፊት ፊት እየሄዱ ወሰዱን። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ማንም ፎቶግራፍ አላነሣም። ከሥር ግራርና ድንጋይ ብቻ ይታያል። እርስዋ ብዙ ቆየች፤ እኛም ምን ማለት እንደሚገባ ስላላወቅን ዝም ብለን ጠበቅናት። ተመልሳ ስትመጣ ከሐዲዱ ሥር አንድ ጠጠር አነሣችና ሽማግሌውን አየቻቸው። «ድንጋዩን ውሰጂ ልጄ፤ እርሱን የሚገዛ የለም» አሉዋት።

ማታ አዳማ ስንገባ አንዳንዶቻችን ቤትዋ ድረስ ሸኘናት። አያትዋ ቡና አቅርበው ነበር። ጠጠሩን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። እኛ እንዳያለቅሱ ፈርተን ነበር፤ እርሳቸው ግን «ኩርባው ወዴት ነው የሚዞረው? ቤቱን ከማየቱ በፊት ነው ወይስ ወንዙን?» ብለው ጠየቁ። እርስዋም ሲኒዎቹን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ሐዲዱን፣ ኩርባውንና ገደሉን በጣትዋ ረከቦቱ ላይ እየሣለች አሳየቻቸው።