ፕሮቲን ምን ያህል ይሟሟል? የቴርሞዳይናሚክስ ትንበያና ወሰኑ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ተማሪ ሳለሁ የፈጸምሁት ስሕተት ነው። የአንድን ፕሮቲን ሟሚነት እንድለካ ታዝዤ፣ ጨው ጨመርሁ፤ ዝቃጩን ለይቼም በፈሳሹ ውስጥ የቀረውን ለካሁ። ከሳምንት በኋላ ስደግመው ያገኘሁት ቁጥር ከፊተኛው ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። መሣሪያውን ጠረጠርሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የዘቀጠው ቅርጽ አልባ ጠጣር ሲሆን በሁለተኛው ቀን የተገኘው ክሪስታል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሟሚነትን የምለካው ከሁለት አቅጣጫ ነው፤ በአንዱ ብልቃጥ ክሪስታሉን እያሟሟሁ፣ በሌላው ከመጠን በላይ ከሞላው ፈሳሽ ክሪስታል እስኪወጣ እየጠበቅሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ ገና ሚዛን ላይ አልተደረሰም።

ሚዛን የሚባለው የፕሮቲኑ ኬሚካዊ ፖቴንሻል በጠጣሩም በፈሳሹም ዘንድ እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ ሟሚነትን ሊተነብይ የሚሻ ሁለቱንም ወገን ማስላት ይኖርበታል። ኤድዊን ኮን በ1925 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቀመር፣ ጨው ሲበዛ የሟሚነት ሎጋሪዝም በቀጥታ መስመር እንደሚወርድ ያሳያል። ጠቃሚ ነው፤ ዛሬም እንሠራበታለን። ይሁንና ቋሚ ቁጥሮቹ ለየፕሮቲኑ በሙከራ የሚገኙ ስለሆኑ፣ እኔ ትንበያ ብዬ ለመጥራት አልደፍርም።

ነገሩን አጥርቶ የሚያሳየው የሲክል ሴል ሄሞግሎቢን ነው። ከተለመደው የሚለየው በቤታ ሰንሰለቱ ስድስተኛ ቦታ፣ በግሉታሚክ አሲድ ፈንታ ቫሊን በመግባቱ ብቻ ነው። ኦክሲጅን ሲይዝ እንደ ተለመደው ይሟሟል። ኦክሲጅኑን ሲለቅ ግን፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው 16 ግራም ገደማ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ደግሞ 33 ግራም ያህል ነው! ትርፉ ረጃጅም ዘንግ እየሆነ ሕዋሱን የማጭድ ቅርጽ ያስይዘዋል። ቫሊኑ በጎረቤቱ ሞለኪውል ላይ ባለች ጎድጓዳ ስፍራ ይገጥማልና፣ ለውጡ በዋናነት የታየው በጠጣሩ ወገን ነው። ሞለኪውሉን ለብቻው የሚመረምር ሞዴል ይህን አያይም።

የፈሳሹም ስሌት ቀላል አይደለም። ያ 33 ግራም ከፈሳሹ ስፋት ሩብ ያህሉን ይይዛል። ሮስና ሚንተን በ1977 እ.ኤ.አ. ሞለኪውሎቹን እንደ ጠንካራ ኳስ ቆጥረው፣ በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ፕሮቲኑ ከመጠኑ በብዙ እጥፍ የበዛ ያህል እንደሚሠራ አስረድተዋል። በማለዳ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ቦታ በጠበበ ቁጥር መውረጃው ይናፍቃል።

የፅንስ ሄሞግሎቢን ሲጨመር ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። እርሱ በፈሳሹ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ወደ ዘንጉ ግን አይገባም ማለት ይቻላል፤ ሰንሰለቱን ከሲክል ሰንሰለት ጋር የተጋራው ድብልቅ ሞለኪውልም እንዲሁ ነው። መጨናነቁ ባይቀንስም ዘንግ መሥራት የሚችሉት ይቀንሳሉ፣ በጠቅላላው የሚሟሟው መጠንም ከፍ ይላል። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒት ሕሙማንን ከሚረዳባቸው መንገዶች ዋነኛው ይኸው የፅንስ ሄሞግሎቢንን ማብዛቱ ነው።