ስድብ ሥልጠና አይደለም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ልጆቻችን በስፖርት ሜዳ ስለሚሰሙት ቃል ነው። እንደምታውቁት ማኅበራችን ከሚሰበስበው ገንዘብ ላይ፣ አቅም ላነሳቸው እናቶች የልጆቻቸውን የስፖርት ቡድን መመዝገቢያ ይከፍላል። እግር ኳስ የሚጫወቱ፣ የሚሮጡ፣ ጂምናስቲክስ የሚሠሩ ልጃገረዶች አሉን። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ልጅቷን ልከን፣ ገንዘቡን ከፍለን፣ እዚያ ምን እየተባለች እንደምትውል ካልጠየቅን ሥራችን ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

በስፖርት ስለሚደርስ ጥቃት ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ዱላ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ነው። ስድብን ግን እንደ ነፋስ እንቆጥረዋለን፤ ተነግሮ ያልፋል እንላለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን አባባል ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየሰማን ያደግነው ግን እኛው ነን።

አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። ሜሪ ኬይን የምትባል አሜሪካዊት ሯጭ አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሞስኮ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ለፍጻሜ ደረሰች። በዚያው ዓመት በናይኪ የሚደገፍና በታዋቂ አሠልጣኝ የሚመራ የሯጮች ቡድን ውስጥ ገባች። በ2019 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በኩል የደረሰባትን ለሕዝብ ተናገረች። እንደ እርሷ አባባል፣ ክብደቷ ወደ 114 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 52 ኪሎ ገደማ እንዲወርድ ይጠየቅ ነበር፤ በቡድን ጓደኞቿ ፊት ሚዛን ላይ እየወጣች ትሸማቀቅ ነበር። ለሦስት ዓመት የወር አበባዋ ቀረ። አምስት አጥንቶቿ ተሰበሩ። ራሷን መጉዳት ጀመረች፤ ይህንን ለኃላፊዎቿ ስትነግራቸውም ቁም ነገር እንዳላሉት ተናገረች። አሠልጣኙ በበኩሉ የቀረበበትን ወቀሳ አልተቀበለም።

እህቶቼ፣ ይህች ልጅ የነገረችን ስለ ዱላ አይደለም። ስለ ቃልና ስለ ሚዛን ነው። ታዲያ አጥንቷ እንዴት ተሰበረ? መንገዱን በአጭሩ ላስረዳ። ክብደትሽ፣ ክብደትሽ እየተባለች የምትኖር ልጅ ምግቧን ትቀንሳለች። ሩጫው ግን አይቀነስላትም። ሰውነት የሚያገኘው ጉልበት ከሚያወጣው ሲያንስ፣ ነፍስን ለማቆየት የግድ ያልሆነውን ሥራ መዝጋት ይጀምራል፤ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው። የወር አበባ ሲቀር ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ወርዷል ማለት ነው፤ ኤስትሮጅን ሲወርድ ደግሞ አጥንት ይሳሳል። የሳሳ አጥንት በየቀኑ በሩጫ ሲመታ ይሰነጠቃል። ከአፍ የወጣ ቃል አጥንት ድረስ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ይህ የአንዲት ልጅ ዕድል ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በ2022 ይፋ የሆኑ ሁለት ምርመራዎችን እጠቅሳለሁ። አንደኛው በብሪታንያ ጂምናስቲክስ ላይ በጠበቃ አን ዋይት የተመራ ነው፤ ከ400 በላይ ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተውበታል። ምርመራው አካላዊና የስሜት ጥቃቱ የጥቂት መጥፎ ሰዎች ሥራ ሳይሆን በስፖርቱ ውስጥ ሥር የሰደደ መሆኑን ደመደመ። ሁለተኛው እዚሁ አሜሪካ በሴቶች ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ሊግ ላይ የተደረገው ነው። የቀድሞዋ ተጠባባቂ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሊ ዬትስና ባልደረቦቿ ከ200 በላይ ሰዎችን አነጋገሩ። እነርሱም ስድብ፣ የስሜት ጥቃትና ጾታዊ በደል በሊጉ ውስጥ ሥር መስደዱን አረጋገጡ።

ከዚህ ሁለተኛው ሪፖርት ለእኛ ለእናቶች ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በትልልቆቹ ሊግ ሳይሆን በልጆች ቡድን ነው ይላል። ልጅቷ በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ አሠልጣኝ መጮኽና መሳደብ ያለበት ሰው እንደሆነ ትማራለች። ስታድግም ስድቡን እንደ ጥቃት አታየውም፤ የስፖርቱ አንድ ክፍል ይመስላታል። ስድብ የለመደች ልጅ ደግሞ ከስድብ ያለፈ ነገር ሲመጣ ለማን፣ እንዴት ብላ ትናገር? ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2016 ባወጣው የባለሙያዎች መግለጫ፣ የሥነ ልቦና ጥቃት የሌሎቹ ጥቃቶች ሁሉ እምብርት ነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩ የሚከፈተው በቃል ነው።

እኛ ሐበሾች በዚህ ላይ የራሳችን ፈተና አለብን። መምህርን ማክበር አድገንበታል፤ ጥሩ ነገር ነው። አሠልጣኙን ስናገኘው «እንደ ልጅህ ተቆጣልኝ» እንለዋለን። ልጅቷም ይህንን ትሰማለች። ስለዚህ አንድ ቀን «ዋጋ የለሽም፣ ወፍራም ነሽ፣ ለቡድኑ ሸክም ነሽ» ሲላት፣ ለእናቷ ብትነግራት እናቷ ከአሠልጣኙ ጋር እንደምትቆም ታስባለች። በእንግሊዝኛ የሰማችውን ስድብ በአማርኛ ለማስረዳትም ቃሉ ያጥራታል። በዚያ ላይ «ለዚህ ብዬ ነው ሁለት ሥራ የምሠራው» ስንላት ትሰማለችና፣ ሸክም ላለመጨመር ዝም ትላለች።

ቁጣና ስድብን መለየት ያስፈልጋል። ጠንካራ አሠልጣኝ መጥፎ አሠልጣኝ አይደለም። ሜዳ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ደጋግሞ ማሠራት፣ «ይህ አይበቃም» ማለት ከሥልጠና ይቆጠራል። ልዩነቱ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ቃሉ የሚመታው ሥራውን ነው ወይስ ልጅቷን? «ኳሱን ዘግይተሽ አቀበልሽ» ሥራን ይናገራል፤ «አንቺ ደደብ ነሽ» ልጅቷን ይናገራል። ሁለተኛ፣ ከቃሉ በኋላ መፍትሔ አለ ወይ? ያረመ ሰው እንዴት እንደሚስተካከል ያሳያል፤ የሰደበ ሰው ተናግሮ ጥሏት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ያበቃል ወይ? እርማት እዚያው ይቀራል። ማዋረድ ግን ቅጽል ስም ሆኖ፣ የቡድኑ መሳቂያ ሆኖ ወር ከወር ይከተላታል።

ስድብ ያጠነክራል የሚሉ አሉ። ግን የምትፈራ ልጅ እንዴት እንደምትጫወት ተመልከቱ። ዐይኗ ኳሱ ላይ ሳይሆን አሠልጣኙ ፊት ላይ ነው። የምትጫወተው ለማሸነፍ አይደለም፤ ላለመሳሳት ነው። ስለዚህ የሚከብደውን አትሞክርም፤ ካልሞከረች ደግሞ አትማርም። ስድቡ ሲደጋገም ከውጪ መሆኑ ይቀርና በራሷ ድምፅ ውስጧ ይናገራል። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ባይኖርም ስድቡ ትምህርት ቤት፣ መኝታ ቤት፣ መስታወት ፊት አብሯት ይሄዳል። ጭንቀትና ድብርት የምንለው ከብዙዎቹ ላይ እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

ቤት ውስጥ ምን እንመልከት? ልምምድ ባለበት ቀን ሆዷን የሚያማት፣ ራሷን የሚያማት ልጅ፤ እንቅልፍ ያጣች ወይም ከአልጋ መነሣት ያቃታት ልጅ፤ የምትወደውን ነገር ሁሉ የተወች ልጅ። ምግብ ላይ ደግሞ በተለይ እንንቃ። ከእኛ ጋር ማዕድ የማትቀርብ፣ ሁልጊዜ «በልቻለሁ» የምትል ልጅ ትኖራለች። ጾማችን የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን ምግብ የምትሸሽ ልጅ በጾም ስም ልትሸፍነው ትችላለች። ጾሙ ሲፈታም ካልበላች እንጠይቅ። የወር አበባዋንም እንጠይቅ። እናትና ልጅ ስለዚህ ማውራት እንደሚያሳፍረን አውቃለሁ። ሦስት ወር ከቀረ ግን ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ ስለምትሮጥ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስለ መሞት ወይም ራሷን ስለመጉዳት የተናገረች እንደሆነ ደግሞ ነገ አንበል። በአሜሪካ 988 ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ልጅቷ አደጋ ላይ ከሆነች 911 ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን አፍ ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆመን ሰው አይሰማንም ብለን በአማርኛ የምንጮኸው አለ። እውነት ነው፣ ፈረንጆቹ አይሰሙንም። የምትሰማን እርሷ ብቻ ናት። በመኪና ወደ ቤት ስንመለስም ያው ነው፤ ከቀበቶ ጋር ታስራ የምናወርድባት ወቀሳ ማምለጫ የለውም። አገር ቤት ያሉ አትሌቶቻችን ወርቅ ሲያመልጣቸው በፌስቡክና በቲክቶክ የሚጻፈውንም አስቡት። የዓለም አትሌቲክስ ድርጅት በቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ የ161 አትሌቶችን የትዊተር ገጽ አስጠንቶ ነበር። በቀጥታ በአትሌቶች ላይ ያነጣጠሩ ሆነው ከተገኙት 132 የጥቃት መልእክቶች 115ቱ የተጻፉት በሴቶች ላይ ነው። ልጆቻችን የእኛን ስልክ ያያሉ። ለተሸነፈች አትሌት የምንጽፈውን ሲያዩ፣ እነርሱ ሲሸነፉ ምን እንደምንላቸው ከአሁኑ ያውቁታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይለወጥ። «ስንት አገባሽ?» ከማለት በፊት «ዛሬ አሠልጣኝሽ ምን አለሽ?» እንበል። ብትነግረን ወዲያው «ምን አድርገሽ ነው?» አንበላት፤ ያ ጥያቄ አፏን ይዘጋዋል። ሰምተን እንጻፈው፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ በእንግሊዝኛው፣ ማን እንደሰማ።

ከዚያ ለብቻችን አንሂድ። ብዙዎቻችን የምንፈራው ተናግረን ልጃችን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ፣ የኮሌጅ ዕድሏ እንዳይበላሽ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንዲት እናት ብትናገር ችግረኛ ትባላለች፤ ሦስት ሆነው ሲመጡ ቡድኑ መስማት ይገደዳል። የትምህርት ቤት ቡድን ከሆነ የስፖርት ኃላፊው ዘንድ፣ ከዚያም ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይኬዳል። በብሔራዊ የስፖርት ፌዴሬሽን ሥር ያለ ክለብ ከሆነ ሴፍስፖርት የሚባለው ማዕከል አለ፤ የማዕከሉ ደንብ በቃል የሚፈጸም የስሜት ጥቃትን በግልጽ ይከለክላል፤ አቤቱታም ይቀበላል።

በማኅበር ደረጃ ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ተወያይታችሁ እንድትወስኑበት። ከማኅበሩ ገንዘብ የማንኛውንም ቡድን ክፍያ ከመፈጸማችን በፊት ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ እንጠይቅ። አሠልጣኞች ለልጆች እንዴት እንደሚናገሩ የተጻፈ ደንብ አላችሁ ወይ? ወላጅ ልምምድ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል ወይ? አቤቱታ ሲኖር ከአሠልጣኙ ሌላ የሚቀበለው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቡድን ገንዘባችንን አይውሰድ፤ ለልጅቷም ሌላ ቡድን እንፈልግላት። እንዲሁም እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት አቤቱታ ስታቀርብ አብረዋት የሚሄዱ ሁለት አባላት እንመድብ። ይህ ብዙ ወጪ የለውም፤ ጊዜና ድፍረት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ የምትሰጡት ገንዘብ ማሊያና ጫማ ይገዛል። የሰጣችሁት ግን ለማሊያው ብላችሁ ሳይሆን ልጅቷ ራሷን አክብራ እንድታድግ ነው። ገንዘብ የሚከፍል ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህንን መብት ለእናቶቻችን አብረን እንስጣቸው።

ልጆቻችን ሁሉ ደራርቱ ቱሉን አይሆኑም። አብዛኞቹ አንድ ቀን ጫማቸውን ሰቅለው ወደ ሌላ ሕይወት ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ከስፖርቱ የሚቀራቸው ዋንጫው አይደለም፤ ስለ ራሳቸው የተነገራቸው ቃል ነው። የቀረበውን ሐሳብ ዛሬ ከመበተናችን በፊት እንድትመርጡበት በትሕትና እጠይቃለሁ።